ፕሮጀክት ሞሱል

ፕሮጀክት ሞሱል፣ በኋላ ሬክሬይ የተባለው፣ የወደሙ ቅርሶችን ሕዝብ ካነሣቸው ፎቶግራፎች በኮምፒውተር መልሶ የሚቀርጽ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው።

በየካቲት 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በኢራቋ ሞሱል ከተማ ሙዚየም ሐውልቶችን በመዶሻ ሲሰባብር የሚያሳይ ቪዲዮ አሠራጨ። ብዙም ሳይቆይ ማቲው ቪንሰንትና ቻንስ ኮግናወር የተባሉ ተመራማሪዎች ቀድሞ ሙዚየሙን የጎበኙ ሁሉ በእጃቸው ያለውን ፎቶ እንዲልኩ ጥሪ አቀረቡ።

የአሠራሩ ስም ፎቶግራሜትሪ ነው። አንድ ቅርስ ከተለያየ አቅጣጫ ሲነሣ በሥዕሎቹ ላይ የጋራ ነጥቦች ይገኛሉ። ሶፍትዌሩ እነዚህን እያዛመደ ካሜራው የት እንደነበረ ያሰላል፤ ከዚያም የቅርሱን ገጽታ በሦስት አቅጣጫ ይገነባል። አንድ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህም ጎብኚ ለማስታወሻ ያነሣውና በአልበም ያስቀመጠው ተራ ሥዕል የታሪክ ሰነድ ሆነ፤ የሥራው ትልቁ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፦ ብዙዎች ያነሡት ሐውልት ጥርት ብሎ ሲመለስ፣ ማንም ልብ ያላለው ቅርስ መልክ ሳያገኝ ይቀራል።

ከተመለሱት መካከል የአሦር ዘመን የሆነው የሞሱል አንበሳ ይገኛል። በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የተሠራ ቅጂው በ2011 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። ጥሪው በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳቸውን የኔፓል ቅርሶችም አካትቷል።