ስለ ጥንብ አንሳ አሞራና ስለ በሬ መድኃኒት

ከጎንደር ወደ ደቡብ፣ አዘዞን አልፎ የሚገኘው የጠዳ ምድር በዜና መዋዕል ስሙ የሚነሣው ይልቁንም በጦርነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1771 ራስ ሚካኤል ስሑል ከተቀናቃኞቹ መኳንንት ጋራ የተዋጋበት ሰርባኩሳ ከዚያው አቅራቢያ ነውና። በዚያ ዘመን በጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በአደባባይ የተገደሉ ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር እየቀረ ጅቡን ወደ ከተማ ያስገባው እንደ ነበረ በምሬት ጽፏል። ሌሊቱ የጅብ ከሆነ ቀኑ የአሞራ ነበረ። የዚሁ ሰው አሽከሮች እ.ኤ.አ. በ1770 በላማልሞ ተራራ ላይ የፍየል ቅቅል ቀርቦላቸው ሲበሉ፣ አንድ ግዙፍ አሞራ ያለ ፍርሃት ወርዶ ሥጋውን ነጠቃቸው፤ ዳግመኛ ሲመለስም ብሩስ በጥይት ገደለው፤ እንግድነት በዚህ መጀመሩ ግን የሚያስመሰግን አይመስለኝም። ከስድሳ ዓመት በኋላ ሰሜንንና ጎንደርን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ፣ በገደል አፋፍ ለሚኖረው ታላቅ ጥንብ አንሳ መጠሪያ የሆነውን የራሱን ስም ትቶ ሄደ።

የሀገሩ ሰው ግን አሞራን አይገድልም ነበር። በኦሪት ሕግ ርኩስ ከተባሉት አዕዋፍ ወገን ስለ ሆነ ማንም ለመብል አያድነውም፤ ስለዚህም ርኩስ መባሉ ለሕይወቱ ጋሻ ሆነው። ጾም ሲፈታ የቅርጫ በሬ በሚታረድበት ሜዳ አንዣብቦ ድርሻውን ይጠብቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ በክፉ ቀን የከብት እልቂት ሀገሩን ሲያጠፋም፣ ቀባሪ ያጣውን በድን ያነሡ እነዚህ ደመወዝ የሌላቸው ሠራተኞች ነበሩ።

አሁን ግን በአሞራው ላይ አደጋ ለከብት ከመራራት መጣ። በህንድና በጎረቤቶቿ ለታመመ ከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዲክሎፌናክ፣ ከብቱ ቶሎ ከሞተ በሥጋው ውስጥ ቆይቶ የበላውን አሞራ ኩላሊት ያበላሻል፤ በሆዱ ዕቃ ላይም እንደ ኖራ የነጣ ነገር ይጋገራል። ይህ ምሥጢር በፓኪስታን በተደረገ ምርምር እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪገለጥ ድረስ፣ ነጭ ወገብ የሚባለው የእስያ ጥንብ አንሳ ከመቶው ከ99 በላይ አልቆ ነበር፤ ለዚህም መድኃኒቱ ያለበት በድን ከመቶ አንድ እንኳ መሙላት አላስፈለገውም። ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱን ለከብት ከለከሉ፤ ለሰው የተሠራው በትልቅ ብልቃጥ እየተሸጠ ለከብት መዋሉ ግን ሌላ ክልከላ አስከተለ።

በአፍሪካ አሞራን አብዝቶ የፈጀው ለአውሬና ለውሻ የሚጣል መርዝ ነው፤ ሆኖም የአፍሪካው ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳም በዲክሎፌናክ እንደሚሞት በፈተና ታውቋል። እርሱና የሩፔል አሞራ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ተቈጥረዋል፤ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ የማይጥል ፍጥረት ደግሞ የጎደለውን ቶሎ አይተካም። ሜሎክሲካም የተባለው መድኃኒት ያንኑ ሕመም ሲያስታግስ አሞራን እንደማይጎዳ ተመርምሮ ተረጋግጧል። የጠዳ ገበሬ በሬው ሲሞትበት ቆዳውን ገፎ ሥጋውን እንደ አባቶቹ ሜዳ ላይ ይጥለዋል እንጂ ምን መርፌ እንደ ተወጋ አይመረምርም፤ ስለዚህ የመድኃኒቱ ምርጫ ሐኪሙ መርፌውን ሳያነሣ በፊት ማለቅ አለበት።