የሳጥኑ ስምና የመርከቡ አካል

ቤት ውስጥ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ሞዴል መርከቦችን የሚሰበስቡ ሰዎች ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አያምኑም። ምክንያትም አላቸው። የአሜሪካው ሬቭል ኩባንያ በ1956 (እ.ኤ.አ.) የ«ባውንቲ»ን ሞዴል ለገበያ አቀረበ። ባውንቲ በ1789 መርከበኞቿ በአዛዣቸው በዊልያም ብላይ ላይ ያመፁባት ባለ ሸራ መርከብ ናት። ኩባንያው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያንኑ አካል በመጠኑ ለዋውጦ «ቢግል» ብሎ ሸጠው፤ ከ1831 እስከ 1836 ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ ዓለምን የዞረችው መርከብ መሆኗ ነው።

እውነተኞቹ መርከቦች ርዝመታቸው ተቀራራቢ፣ 27 ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ዘራቸው ግን ለየቅል ነው። ባውንቲ በ1784 ለንግድ ተሠርታ በኋላ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የተገዛች ስትሆን፣ ቢግል በ1820 ለዚያው ባሕር ኃይል ተብላ የተሠራች ናት። እንግዲህ «የዳርዊንን መርከብ ገጣጥሜ መደርደሪያዬ ላይ አኖርሁ» ያለ ሰው፣ ያኖረው የብላይን መርከብ ነው።

ጠንቃቃ ሰብሳቢ ከስሙ ጎን ኩባንያውን፣ ሞዴሉ የወጣበትን ዓመትና አካሉ ከየትኛው ሞዴል እንደተወሰደ የሚመዘግበው ለዚህ ነው። ስም በሳጥን ላይ ይለጠፋል፤ የትውልድ ሐረግ ግን የሚገኘው በመዝገብ ነው።