ግርማ በየነና ዋልያስ ባንድ

ሬዲዮ ተከፍቶ ቤዙ ዝቅ ብሎ ሲያጉረመርም፣ ከላዩም መለከቶቹ አንዲቱን ሐረግ እየደጋገሙ ሲያስተጋቡ፣ ያለ ዘፋኝ የሚፈሰውን ያን ዜማ የማያውቅ ጆሮ ጥቂት ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» ይባላል፤ ደራሲውም ግርማ በየነ ነው።

በሸክላ ዘመን ስሙ ከድምፃዊ ስም በስተኋላ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ይህ ሰው ፒያኖ ተጫዋች፣ ግጥምና ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪና ዘፋኝ ነበረ። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሣዊ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቴያትር ብቻ ተለይቶ ሳለ፣ ወጣቱ ነጋዴ ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን ክልከላ ተዳፍሮ በሕንድ አገር ሸክላ ሲያስቀርጽ፣ ቀዳሚው ድምፅ የሮክና የሶል ፍቅር ያቃጠለው ዓለማየሁ እሸቴ ሆነ፤ ግርማም ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ዓለም-ግርማ ባንድን አቆመ። ለሌሎች ያቀናበራቸው ዘፈኖች ከ60 ሲበልጡ፣ በዚያ ዘመን በገዛ ድምፁ ያስቀረጻቸው ግን 4 ብቻ ናቸው። ከነዚህ አንዱን፣ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» የተባለውን፣ ቀስ ብሎ የሰማ ሰው ይህ ሰው ስለ ምን ከዚህ በላይ አልዘፈነም ብሎ ማዘኑ አይቀርም፤ እኔም አዝኛለሁ። በማኅሌት መሪጌታው ዜማውን አቅንቶ ለሌላው እንደሚያቀብል፣ እርሱም ጸጋውን ለሌላ አንደበት ሰጥቶ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ግርማ የነበረበት ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ደርግ ሰዓት እላፊ በደነገገ ጊዜ እንግዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ ስላልተቻለው ሙዚቃው እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር፤ ያ የሌሊት ድካም ለባንዱ ትልቅ ትምህርት ቤት ሆኖለታል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን የተጫወተበትን «ቼ በለው» የተባለ አልበም አሳተሙ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለትርኢት ተሻገረ፤ ጉዞው ሲያልቅ ግን ከፊሉ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ግርማ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ በዚያው ቀሩ፤ ባንዱም በዚህ ተበተነ። ከጊዜ በኋላ ኃይሉ ታክሲ ሲነዳ፣ ግርማ በዋሽንግተን ቤንዚን ማደያ ሠራ። ይህን ያህል ኅብር በልቡ የያዘ ሰው ለብዙ ዓመታት ከፒያኖው መለየቱ፣ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለአገሩም ጥበብ ታላቅ ጉዳት ነበረ።

ሆኖም ፒያኖውን ጨርሶ አልዘጋም። የፓሪሱ አካለ ውቤ ባንድ አጅቦት የድሮ ድርሰቶቹን እንደገና ዘፈነ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮፒክስ በተባለው የሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 30ኛ ቅጽ ሆኖ ሲወጣ፣ ስሙ በፊት ለፊቱ ሽፋን ላይ ተጽፎ ነበር።