የወሳ ጉድጓድ፦ በሐዋሳ ዙሪያ የእንሰት ማብላላት ታሪክ

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከመቆርቆሯ እጅግ ቀደም ብሎ፣ በዙሪያዋ የሚኖረው የሲዳማ ሕዝብ ኑሮውን በእንሰት ላይ መሥርቶ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን ለምግብ ጥበቃ ያሠማራ ነበር። ሴቶች የእንሰቱን ሐሰተኛ ግንድ፣ ማለትም እርስ በርስ የተደራረቡትን የቅጠል እቅፎች፣ በቀርከሃ መፋቂያ ፍቀው፣ ሥሩን ከትፈው፣ ከቀደመው ጊዜ የተረፈ እርሾ ቀላቅለው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ በሲዳምኛ ወሳ፣ በአማርኛ ቆጮ የሚባለውም በዚህ መንገድ ይገኛል። በፍቼ ጫምባላላ በዓል፣ በሐዋሳም ጭምር፣ የሚቀርበው በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ የሚሠራው ከዚሁ ወሳ ነው።

አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ የሚበዙት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የተባሉት፣ የተክሉን ስኳር ወደ አሲድ የሚለውጡ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው፤ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ወደ 4 ገደማ ሲወርድም አብዛኞቹ አበስባሾችና በሽታ አምጪዎች መራባት ይሳናቸዋል። ተመራማሪው ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት የማብላላቱን ሥራ መጀመሪያ ሉኮኖስቶክ፣ ቀጥሎ ላክቶባሲለስ የተባሉት ወገኖች እንደሚረከቡት አሳይቷል። ቤተ ሙከራው እንግዲህ የደረሰው ሴቶቹ በልምድ ካጸኑት ሥራ እጅግ ዘግይቶ ነው።

ጎጂ ባክቴሪያን በጠቃሚ ባክቴሪያ የመከላከልን ይህንኑ መርህ የሽሪምፕ አርቢዎች ዘግይተው ተቀብለውታል፤ በኢኳዶር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ቪብሪዮ አልጂኖሊቲከስ የተባለ ባክቴሪያ በመፈልፈያ ገንዳዎች ውስጥ እየተጨመረ ለበሽታ አምጪ ዘመዶቹ ቦታና ምግብ እንዲያሳጣ ተደርጓል። ልዩነቱ የገንዳው ባለሙያ አንድን ወገን ለይቶ ሲያራባ፣ የሲዳማ እናት ግን በእርሾው ሙሉውን ማኅበር መውረሷ ላይ ነው።

ባክቴሪያ ግን ለእንሰት ወዳጅ ብቻ አልሆነም። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የለዩት የአጠውልግ በሽታ መንሥኤ፣ ዛንቶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ፣ በታመመ ተክል ላይ የዋለውን ቢላዋ ተከትሎ ወደ ጤነኛው ይሻገራል፤ ጉድጓዱን ያስጠበቀው ጥበብም እርሻውን ከዚህ ሊያድነው አልቻለም። የታመመን ተክል የሚፈውስ መድኃኒት ስለሌለ፣ ቢላዋን በእሳት ማንጻትና የጠወለገውን ነቅሎ ማስወገድ ዛሬም ዋናው መከላከያ ሆኖ ይገኛል።