የልብ ድንገተኛ ሕመም

የልብ ድንገተኛ ሕመም ልብ ደም የመርጨት ሥራው በድንገት ሲታወክ የሚከሰትና በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል የጤና ችግር ነው። በይበልጥ የታወቀው ዓይነቱ በተለምዶ «ሃርት አታክ» የሚባለው ሲሆን፣ የሚመጣውም የልብን ጡንቻ የሚመግብ የደም ቧንቧ ሲዘጋ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2019 እ.ኤ.አ. 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በልብና በደም ቧንቧ በሽታዎች ሞተዋል። ይህም በዓመቱ በዓለም ከደረሰው ሞት 32 በመቶው ነው። ከእነዚህ ሟቾች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ስያሜና ልዩነት

በአማርኛ «የልብ ድካም» የሚለው አጠራር ለተለያዩ ሕመሞች ስለሚውል ብዙ ጊዜ መደናገር ይፈጥራል። የሚያስፈልገው እርዳታ ስለሚለያይ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ሃርት አታክ፦ የልብ ጡንቻ ክፍል ደም ሲያጣ የሚደርስ ጉዳት ነው። ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይስትም፣ ይናገራል፣ ልቡም ይመታል።

የልብ መቆም፦ የልብ ምት ሥርዓቱን ስቶ ደም መርጨት ሲያቆም ነው። ሕመምተኛው ወዲያው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ አይተነፍስም ወይም አልፎ አልፎ እንደ ማቃሰት ያለ ትንፋሽ ብቻ ይሰማዋል።

የልብ ድካም፦ ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት ሲያቅተው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚመጣ ሲሆን፣ በእግር እብጠት፣ ቶሎ በመድከምና ጋደም ሲባል በሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ይታወቃል። ሆኖም በድንገት ሊብስ ይችላል።

ሦስቱ ይያያዛሉ። ሃርት አታክ የልብ መቆምን ሊያስከትል ይችላል፤ ከሃርት አታክ የተረፈ ሰው ደግሞ ጡንቻው በመጎዳቱ በኋላ የልብ ድካም ሊይዘው ይችላል።

አመጣጡ

የሰው ልብ የጨበጡት እጅ ያህል መጠን ያለው ጡንቻ ሲሆን በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህ ጡንቻ ምግቡንና ኦክስጅኑን በዋናነት የሚያገኘው በውስጡ ከሚያልፈው ደም ሳይሆን፣ ከላዩ ተጠምጥመው ከሚታዩት ኮሮናሪ ከሚባሉ ቧንቧዎች ነው። በብዙ ዓመታት ሂደት በእነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ ስብና ኮሌስትሮል ይከማቻል። የክምችቱ ሽፋን ሲሰነጠቅ ደም በስንጥቁ ላይ ይረጋና ቧንቧውን ይዘጋዋል። ክምችቱ ለዓመታት ያለ ምንም ሕመም ሊቆይ ስለሚችል፣ ትናንት ጤነኛ የመሰለ ሰው ዛሬ በድንገት ሊታመም ይችላል።

ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከሆነ በኋላ መሞት ይጀምራል፤ ጉዳቱም በቀጣዮቹ ሰዓታት እየሰፋ ይሄዳል። የሞተው ጡንቻ በጠባሳ ስለሚተካ ዳግመኛ አይኮማተርም። የሕክምናው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ሕመምተኛው ሐኪም ቤት በደረሰበት ሰዓት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክቶች

ዋናው ምልክት በደረት መካከል የሚሰማ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ የሚቆይ ወይም እየሄደ የሚመለስ የመጫን፣ የመጨምደድ ወይም የማቃጠል ስሜት ነው። ሕመሙ ወደ ክንድ (በተለይ ወደ ግራ)፣ ወደ ትከሻ፣ አንገት፣ መንጋጋ፣ ጀርባ ወይም ወደ ላይኛው ሆድ ሊዛመት ይችላል። ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽና ማዞርም አብረው ሊታዩ ይችላሉ። በሴቶች፣ በአረጋውያንና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ሕመም ላይኖር፣ ወይም ያልተለመደ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይ ይችላል።

ሕመሙ ከላይኛው ሆድ አካባቢ ሲሰማ «ጨጓራ ነው» ወይም «ብርድ መታኝ» ብሎ ተልባ ጠጥቶ እስኪያልፍ መጠበቅ ውድ ጊዜ ያባክናል። የጨጓራንና የልብን ሕመም በስሜት ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ ለዚህ የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) እና የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

ዳገት ሲወጡ ወይም ሸክም ሲሸከሙ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው የደረት ሕመም የቧንቧ መጥበብ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መመርመር ያስፈልጋል። ያው ሕመም በእረፍት ላይ እያሉ ከመጣ ግን የድንገተኛ ጊዜ ምልክት ነው።

የመጀመሪያ እርዳታ

ሃርት አታክ ሲጠረጠር ሕመምተኛው እንዲቀመጥ ወይም በሚመቸው ሁኔታ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ጠባብ ልብሱን ማላላትና አምቡላንስ መጥራት ይገባል። ራሱ መኪና ማሽከርከር ወይም በእግሩ መሄድ የለበትም። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በውጭ ለሚኖሩ ደግሞ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ያገለግላሉ። አምቡላንስ የማይገኝ ከሆነ ሕመምተኛውን በተገኘው መኪና፣ ከሰው ጋር፣ ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

አስፒሪን የደምን መርጋት ስለሚቀንስ የጤና ባለሙያ ካዘዘ ታኝኮ ይዋጣል። ለአስፒሪን አለርጂ ላለበት፣ ለሚደማ ሰው፣ ወይም ፊቱ ለተጣመመና አንደበቱ ለተሳሰረ ሰው አይሰጥም።

ሰው ወድቆ ሲጠሩት የማይመልስና በአግባቡ የማይተነፍስ ከሆነ ልቡ እንደቆመ መቁጠር ይገባል። በዚህ ጊዜ ክብሪት ማሸተት፣ ውኃ መርጨት ወይም ዙሪያውን ከቦ መጮህ አይረዳም። ሕመምተኛውን በጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርቦ፣ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በፍጥነትና በኃይል መጫን ያስፈልጋል። ለአዋቂ ሰው የመጫኑ ጥልቀት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ይደረጋል። የሚጫነው ሰው ስለሚደክም በየ2 ደቂቃው መቀያየር ይመከራል። ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስተካክል መሣሪያ (ዲፊብሪሌተር) በአቅራቢያ ካለ ወዲያው መጠቀም ይገባል። አእምሮ ኦክስጅን ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ስለሚጀምር፣ ባለሙያ እስኪደርስ መጫኑ መቋረጥ የለበትም።

የሐኪም ቤት ሕክምና

የደረት ሕመም ይዞት ለመጣ ሰው ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ ይመከራል። በደም ውስጥ የሚለካው ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ያሳያል። የተዘጋው ቧንቧ የሚከፈትባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር መስጠት ነው፤ ይህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጠቅማል። ሁለተኛው በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የጠበበውን ቦታ በፊኛ መክፈትና ስቴንት የሚባል የሽቦ መደገፊያ ማስቀመጥ ነው። በፊኛ መክፈትን በኮሮናሪ ቧንቧ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው አንድሪያስ ግሩንትዚግ ሲሆን፣ ይህም በ1977 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ነበር።

አጋላጭ ሁኔታዎች

ዕድሜና በቤተሰብ ውስጥ ያለ የልብ ሕመም ሊለወጡ አይችሉም። ሊለወጡ ወይም ሊቆጣጠሯቸው የሚቻሉት ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ ማጨስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ እንቅስቃሴ ማነስና ብዙ አልኮል መጠጣት ናቸው። ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

በኢትዮጵያ በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ሕመም ግን ሌላ መነሻ አለው። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳትን፣ ቀጥሎም የልብ በሮችን መጎዳት ሊያስከትል ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ የሚከላከለው ሐኪም ያዘዘውን ፔኒሲሊን በትክክል መውሰድ ነው።

አመጋገብ

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በኢትዮጵያ ማዕድ ጨው በወጡ ላይ ከሚጨመረው ሌላ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣው፣ በዳቦውና በአንዳንድ አካባቢዎች በቡናው ውስጥ ስለሚገኝ ሁሉም ተደምሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ቅቤና የሥጋ ጮማ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚጨምር ስብ አላቸው። በቅዝቃዜ የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከስቡ ግማሽ ያህሉ የዚሁ ዓይነት ነው። የሱፍ፣ የኑግና የሰሊጥ ዘይት ይሻላሉ፤ መጠናቸው ግን መመጠን አለበት። የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ፍራፍሬ አሰር ስላላቸው ለልብ ተስማሚ ናቸው። የጾም ምግብ ከእንስሳት ስብ የራቀ ቢሆንም ዘይትና ጨው ከበዛበት ጥቅሙ ይቀንሳል። መድኃኒት የሚወስድ ጿሚ የመውሰጃ ሰዓቱን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይገባዋል።

ከምግቡ ጋር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድን የመሰለ እንቅስቃሴ ይመከራል።

ምርመራ

ከፍተኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ስለሌለው የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ከፍተኛ ይባላል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መለካት ይኖርበታል። ከመለካት በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አለመጠጣትና አለማጨስ፣ ለ5 ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ ማረፍ፣ ክንድንም በልብ ትይዩ ማሳረፍ ትክክለኛ ውጤት ለማግኘት ይረዳል። የደም ስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ድግግሞሽ እንደ ዕድሜና እንደ አጋላጭ ሁኔታዎች በሐኪም ይወሰናል።

የደም ግፊት መድኃኒት ግፊቱን የሚቆጣጠረው እስከተወሰደ ድረስ ነው። ልኬቱ ስለተስተካከለ «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ፣ ወይም በነጭ ሽንኩርትና በሽፈራው ቅጠል መተካት፣ ግፊቱ ያለ ምልክት ተመልሶ ከፍ እንዲልና ልብን፣ አእምሮንና ኩላሊትን እንዲጎዳ ያደርጋል። መድኃኒቱ የማይስማማ ከሆነ ለሐኪም ነግሮ በሌላ ማስቀየር ይቻላል።