"ብሪፍ" ሲሉን "አጭር" ብቻ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጠበቃ "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" ብሎ አንዲት ገጽ ወረቀት ሰጠኝ፡፡ አብረውት ጉዳይ የያዙ አሜሪካዊ ጠበቃ "ብሪፍ" እንዲልክላቸው ጠይቀውት ኖሯል፡፡ ልጁም ቃሉን "አጭር" ብሎ ተረድቶ ክርክሩን ሁሉ በአንድ ገጽ ጠቅልሎታል፡፡ ሰውዬው የፈለጉት ግን የተሟላ የጽሑፍ ክርክር ነበር፡፡ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ የቀረው ሦስት ቀን ነው!

ቃሉ "አጭር" ከሚለው የላቲን ቃል ከ"ብሬቪስ" የመጣ ነው፡፡ ቅጽል ሲሆን በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ጊዜና ስለ ንግግር ነው፤ አጭር ጉብኝት ወይም አጭር ንግግር "ብሪፍ" ይባላል፡፡ ቁመተ አጭር ሰው ግን "ሾርት" እንጂ "ብሪፍ" አይባልም፡፡

ግስ ሲሆን ትርጉሙ ይለወጣል፡፡ "አለቃዬን ብሪፍ አደረግኋቸው" ያለ ሰው አለቃውን አላሳጠራቸውም፤ ከስብሰባው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ነገራቸው እንጂ፡፡ ሥራውን ፈጽሞ የተመለሰን ሰው ጠይቆ የሆነውን መረዳት ደግሞ "ዲብሪፍ" ማድረግ ነው፡፡

ወጣቱን ያሳሳተው ስሙ ነው፡፡ በእንግሊዝ "ብሪፍ" ማለት ሶሊሲተሩ ፍርድ ቤት ቆሞ ለሚከራከረው ባሪስተር የሚሰጠው የጉዳዩ ሰነድና መመሪያ ነው፡፡ በአሜሪካ ደግሞ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የጽሑፍ ክርክር ነው፡፡ እኛ "ሳምሶናይት" የምንለውን ቦርሳ እነሱ "ብሪፍኬዝ" ያሉት ይህንኑ ሰነድ ስለሚይዝ ነው፡፡ ብሪፍ ረጅምም ሊሆን ይችላል፡፡ በ1908 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ብራንዳይስ የሴቶችን የሥራ ሰዓት በቀን በ10 የወሰነውን የኦሪገን ሕግ ለመደገፍ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀረቡት ብሪፍ ከ100 ገጽ በላይ ነበር፤ አሸንፈውበታልም፡፡

ታዲያ እጥረቱ ምኑ ላይ ነው? ለወሳኙ ሰው የሚያስፈልገውን ብቻ ማቅረቡ ላይ ነው፡፡ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 80 ተከራካሪው መሠረታዊ ፍሬ ነገሮችን ባጭሩ እንዲገልጽ ያዛል፡፡ ፍሬውን እስከ መጣል ድረስ አሳጥር ግን አላለም፡፡

ስለዚህ "ብሪፍ ላክ" የተባለ ሰው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት "ለማን? ለምን? ስንት ገጽ?" ብሎ ይጠይቅ፡፡ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የደንበኛን መብት በአንድ ቃል ምክንያት ማስቀረት ግን ያሳፍራል፡፡