ኪቤራ፦ ቤት እንጂ መሬት ያልነበራቸው የኬንያ ኑቢያውያን

በናይሮቢ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ኪቤራ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው እጅግ በተጨናነቁ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶቹ ነው። ስሙ ግን የመጣው በኑቢያውያን ቋንቋ "ጫካ" ከሚል ቃል ነው። ስሙን ያወጡት ሰፋሪዎች በስፍራው ቤት ከሠሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዘሮቻቸው የመሬት ባለቤትነት ሰነድ ያገኙት ግን በአውሮፓውያኑ 2017 ነው።

የዘውዱ ጭሰኞች

የኬንያ ኑቢያውያን ከሱዳን ተመልምለው በብሪታኒያ የቅኝ ግዛት ጦር ያገለገሉ ወታደሮች ተወላጆች ናቸው። ወታደሮቹ አገልግሎታቸውን ሲያበቁ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በኪቤራ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

በ1918 የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከ4,000 ኤከር በላይ የሚሆነውን ስፍራ የጦር ሠራዊት ይዞታ ብሎ ከለለው። ሰፋሪዎቹ ቤት መሥራትና ማረስ ቢፈቀድላቸውም መሬቱ የዘውዱ ሆኖ ቀረ። በ1930ዎቹ ጉዳዩን የመረመረው የመሬት ኮሚሽንም በዘውዱ ፈቃድ የሚኖሩ ጭሰኞች እንጂ ባለመብቶች አይደሉም ሲል ደመደመ።

ኬንያ በ1963 ነጻነቷን ስትቀዳጅ የዘውዱ መሬት የመንግሥት መሬት ተባለ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት በይዞታው ላይ አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ሲገነቡ፣ ቤታቸው ያለ ካሳ የፈረሰባቸው ኑቢያውያን ጥቂት አልነበሩም። ባለቤትነቱ ያልታወቀ ቤት ለባንክ ብድር ዋስትና አይሆንም፤ ሲፈርስም ካሳ ለመጠየቅ መነሻ የለውም።

መታወቂያና የመሬት ሰነድ

የመሬቱ ጥያቄ ከዜግነት ጋር የተሳሰረ ነው። ለአሥርት ዓመታት ኑቢያውያን ወጣቶች ሌላው ኬንያዊ በቀላሉ የሚያገኘውን መታወቂያ ለማውጣት በአጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ኬንያዊነታቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። በ2011 የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ባለሙያዎች ኮሚቴ በኑቢያውያን ሕፃናት ላይ አድልዎ መፈጸሙን አረጋገጠ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽንም በ2015 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ኬንያ የማኅበረሰቡን የንብረት መብት መጣሷን ገልጾ፣ በኪቤራ መሬት ላይ ያላቸው መብት እንዲታወቅ ጠየቀ።

በ2017 የወቅቱ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የ288 ኤከር ባለቤትነት ሰነድ ለማኅበረሰቡ አስረከቡ። ሰነዱ የተሰጠው በግለሰቦች ሳይሆን በማኅበረሰቡ የጋራ ስም ነው፤ ስፋቱም በ1918 ከተከለለው ስፍራ አንድ አሥረኛ አይሞላም። አብዛኞቹ የኪቤራ ነዋሪዎች ደግሞ ከሌሎች ማኅበረሰቦች የመጡ ተከራዮች ሲሆኑ፣ የሚኖሩበት መሬት ጥያቄ በዚህ ሰነድ እልባት አላገኘም።